ሽሮ አልታወረም፣ ቆዳ ሊቀይር ነው

ጥያቄው ይህ ነው፦

«የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ11 ዓመት ልጄ ዓመት ገደማ የሆነው ቦል ፓይተን እባብ አለው። ስሙን ሽሮ ብሎታል፤ መልኩን አይቶ መሰለኝ። ያመጣው አባቱ ነው፤ እኔን ማንም አልጠየቀኝም። አሁን ግን የምጨነቀው እኔ ነኝ። ከሰባት ቀን በፊት የሽሮ ዓይን ወተት ጠብ ያለበት ይመስል ደፈረሰ፤ ሰማያዊ ሆነ። ቆዳው አመድ መሰለ። አይጥ ስንሰጠው ዞር ብሎም አላየው። ልጄ ሊያነሳው ሲል እፍፍ ብሎ ተወረወረበት፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ከትናንት ወዲያ ዓይኑ ድንገት ጠራ። ዳነ ብለን ደስ ሲለን፣ ቆዳው ግን እንደነበረ ነው። አንዲት ጎረቤቴ የወይራ ዘይት ቀቡትና በእጃችሁ ላጡለት አለችን። ሊታወር ነው እንዴ? ዘይቱን ልቀባው? ወይስ ሐኪም ጋ ልውሰደው?»

እህቴ፣ መጀመሪያ የወይራ ዘይቱን ወደ ኩሽና ይመልሱልኝ። ለሰላጣ ያምራል፤ ለእባብ አይሆንም። ቀጥሎ እጅዎን ይሰብስቡ። ሽሮ አልታወረም፣ አልታመመምም። የነገሩኝ ሁሉ፣ በነገሩኝ ቅደም ተከተል፣ ቆዳ ሊቀይር የተዘጋጀ ጤነኛ እባብ ምልክት ነው። ዓይኑ ከጠራ ገና ሁለት ቀኑ ነው። ቆዳው ዛሬ ማታ ሊወርድ ይችላል፤ ከሦስት ቀን በኋላም ሊሆን ይችላል። ሳምንት ካለፈ ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱን ወደታች እነግርዎታለሁ።

ሥራዬ የእንስሳት ሕክምና ነው። የተማርኩት ቢሾፍቱ ነው። እዚያ ስማር የነካሁት ላም፣ በግ፣ አህያና ዶሮ ነበር። ለእባብ ሐኪም ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? ከእባብ ጋር የተዋወቅሁት እዚህ አገር መጥቼ ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት እጄ ጓንት ውስጥ በላብ ይርስ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? እኔም በልጅነቴ ከግቢያችን ካብ መካከል የተንጠለጠለ የእባብ ቆዳ አይቼ፣ ባዶ መሆኑን እያወቅሁ፣ እስከ ቤት ድረስ ሮጫለሁ። ለምን ካብ ላይ እንደተገኘ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እባብ አሮጌ ቆዳውን የሚያወልቀው አፉን ሻካራ ነገር ላይ አሽቶ፣ በጠባብ ቦታ ተሽሎክልኮ ነው። ካብ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ይህችን ይያዙልኝ፤ ሽሮ ሳጥኑ ውስጥ ካብ አለው ወይ ብዬ ኋላ እጠይቅዎታለሁ።

አሁን ወደ ዓይኑ። እባብ የሚከደንና የሚገለጥ የዓይን ቆብ የለውም። ዓይኑን የሚሸፍነው አንዲት ክብ፣ ጥርት ያለች ቅርፊት ናት። የእጅ ሰዓት መስታወት ያስቡ። ያቺ መስታወት የቆዳው አካል ናት። ቆዳው ሲቀየር እሷም አብራ ትቀየራለች።

ቆዳው እንዴት ነው የሚቀየረው? ከአሮጌው ሥር አዲስ ቆዳ ይበቅላል። አዲሱ ተሠርቶ ሲያልቅ በሁለቱ መካከል ስስ ፈሳሽ ይገባል፤ አሮጌውን ከአዲሱ የሚያላቅቀው እሱ ነው። እርስዎ ሰማያዊ ሆነ ያሉት የዚያ ፈሳሽ ሥራ ነው። በዓይኑ አሮጌ መስታወትና በአዲሱ መካከል ስለገባ ዓይኑ የደፈረሰ መሰለ። በሌላው ገላው ላይም ያው ነገር አለ። ቆዳው አመድ የመሰለው፣ መልኩ የደበዘዘው ለዚህ ነው። ልጅዎ ልብ ብሎ አይቶ ከሆነ ሆዱም ቀልቶ ነበር። ቦል ፓይተን ላይ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት እሱ ነው፦ ነጭ ሆዱ ሮዝ ይሆናል፤ ዓይኑ የሚደፈርሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ እስቲ በሽሮ ቦታ ሆነው ይዩት። ዓይንዎ ላይ ጉም ወርዷል። ገላዎን ሁሉ የሆነ ነገር ይጨመድደዎታል። በዚህ መሐል ከላይ ትልቅ ሙቅ ነገር ይመጣል። የልጅዎ እጅ ነው፤ ሽሮ ግን አያውቅም። እሱ በሚኖርበት ዓለም ከላይ የሚመጣ ትልቅ ነገር በላተኛ ነው። እፍ ማለቱ ክፋት አይደለም፤ ሂድልኝ ማለቱ ነው። ለልጅዎ ይህን ይንገሩት፤ ጓደኛዬ ጠላኝ ብሎ እንዳይከፋው። ቦል ፓይተን በባሕርይው ዓይን አፋር ነው። ስሙም የመጣው ሲፈራ ጭንቅላቱን መሐል ደብቆ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ነው። እሱ እንኳን ከተወረወረ በጣም ጨንቆታል ማለት ነው።

ቆዳ በሚቀይርበት ሰሞን አያንሱት። ጸባዩ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ያ አዲስ ቆዳ ገና ለጋ ነው፤ ሲታሽና ሲጎተት ይጎዳል፤ ከዚያ አሮጌው ሲወርድ ተቀዳዶ ይወርዳል። ውኃ ለመቀየር እጅዎን ማስገባት ካለብዎት ያስገቡ፣ ይውጡ። በቃ።

ስለ ምግቡ ብዙ አልልም። አብዛኛው እባብ በዚህ ሰሞን አይበላም፣ አንዳንዱ ይበላል። ቦል ፓይተን ደግሞ በጾም የታወቀ ነው፤ ትልልቆቹ ለወራት ሳይበሉ ቆይተው ምንም አይሆኑም። እየደጋገሙ አያቅርቡለት። ቆዳው ወርዶ አንድ ሁለት ቀን ሲያልፍ ይስጡት፤ ብዙ ጊዜ ዘሎ ነው የሚይዘው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ በሕይወት ያለ አይጥ አብራችሁት ትታችሁ እንዳትተኙ። አይኑ በደፈረሰ እባብ ላይ አይጥ ጥርስ አላት። ጀርባው እስከ አጥንት የተበላ እባብ በእጄ ሰፍቻለሁ። በረዶ የነበረውን አቅልጦ መስጠት ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ እርስዎ አሁን ያሉበት ነው። ዓይኑ ጠራ፣ ዳነ። አልዳነም፣ ምክንያቱም አልታመመም ነበር። ግን አላለቀምም። ያ ፈሳሽ ሥራውን ጨርሶ ሲመጠጥ ዓይኑ ይጠራል፤ መልኩም ይመለሳል። አሮጌው ቆዳ ግን እዚያው ነው፣ ተላቅቆ ተቀምጧል። ከዚህ በኋላ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ይቆያል፤ አንዳንዴ ትንሽ ይረዝማል። ሰው ይህን ሳያውቅ እባቡን ያነሳዋል፣ ያበላዋል፣ እንግዳ ያሳየዋል። ይባስ ብሎ ደግሞ «ዓይኑ ከጠራ ቆዳው ለምን አልወረደም?» ብሎ ጥፍሩን ያስገባል። ጎረቤትዎ የመከሩዎት ይህንኑ ነው። ክፉ አስበው አይደለም። ግን ያልበሰለ ቁስል ቅርፊት እንደመላጥ ነው።

እንግዲህ ያቺ ማታ ስትደርስ ምን እንደሚያዩ ልንገርዎት። አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው። ሽሮ ከመደበቂያው ወጥቶ መዞር ይጀምራል፤ ያን ሁሉ ቀን ተኝቶ የከረመ እባብ ሰላም ያጣል። ውኃ በብዛት ሊጠጣም ይችላል። ከዚያ አፍንጫውን ያሻል። በእንጨቱ፣ በድንጋዩ፣ በውኃ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ግራና ቀኝ ያሻል። ሳያውቁት ቢያዩት ያሳከከው ይመስልዎታል። ትንሽ ቆይቶ ከንፈሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር ብቅ ይላል። ከላይ ከንፈሩ ወደ ግንባሩ፣ ከታች ከንፈሩ ወደ አገጩ ተገልብጦ ይሸሻል። ከንፈሩና ዓይኑ ከወጡ ሌላው ቀላል ነው። የቆዳውን ጫፍ የሆነ ነገር ላይ አስይዞ ወደፊት ይሳባል። ካልሲ ሲያወልቁ ተገልብጦ እንደሚቀረው ሁሉ፣ ቆዳውም ውስጡ ወደ ውጭ ሆኖ ከኋላው ይቀራል። አንዳንዱ በ15 ደቂቃ ይጨርሳል። አንዳንዱ መሐል ላይ ቆሞ ያርፍና ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። ያርፍ፤ አያግዙት። ልጅዎ ሊያይ ከፈለገ መብራቱን ቀንሶ ከርቀት ይይ። እኔ ይህን ስንቴ እንዳየሁት አላውቅም፤ አሁንም ሥራዬን አቁሜ ነው የማየው።

ሁሉም ደህና ከሆነ ቆዳው ከአፍ እስከ ጅራት አንድ ሆኖ ይወርዳል። እንሽላሊት ቁርጥራጭ አድርጎ ይጥላል፤ ለእሱ ልክ ነው። እባብ ቁርጥራጭ ከጣለ ግን የሆነ ነገር ጎድሏል። ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ፣ ቢያንስ እኔ ጋ ከሚመጡት፣ የጎደለው እርጥበት ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። የጻፉልኝ በብርዱ ወቅት ነው፤ ቤታችሁ ውስጥ ሂተር ሌት ተቀን ይነፋል። ቀዝቃዛ አየር ብዙ ውኃ አይሸከምም። ያው አየር ቤት ገብቶ ሲሞቅ ይደርቃል፤ የቤታችሁ እርጥበት ከ30 በመቶ በታች ሊወርድ ይችላል። የእርስዎ ከንፈር አይሰነጠቅም? እጅዎ አመድ አይመስልም? እርስዎ ቅባት ይቀባሉ። ሽሮ ግን ምንም የለውም።

ሽሮ የየት አገር ሰው እንደሆነ ይወቁ። ዘሩ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ነው፤ ለገበያ በብዛት የሚወጣው ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን ነው። ሀገሩ ሣር ያለበት ሞቃት ሜዳ ነው። ቀን ቀን ግን ሜዳ ላይ አይውልም። አይጥ በቆፈረችው ጉድጓድና ኩይሳ ውስጥ ተሸጉጦ ነው የሚውለው። ኩይሳ ውስጥ እጅዎን ቢያስገቡ፣ አያስገቡ እንጂ፣ ሞቅ ያለና እርጥብ ነው። ውጭው ቢደርቅም ውስጡ ይረጥባል። እርስዎ ማድረግ ያለብዎት ለሽሮ አንድ ኩይሳ መሥራት ነው።

እሱም ቀላል ነው። ምግብ የገባበት ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ይኖርዎታል፤ የማንኛችንም ሐበሾች ቤት አይጠፋም። ሽሮ ተጠቅልሎ ገብቶ ግድግዳው ገላውን ነካ ነካ የሚያደርገውን ያህል ይምረጡ፤ ሰፊ አይሁን። ጎኑ ላይ የእባቡ ወፍራም ቦታ እጥፍ የሚሆን ቀዳዳ ይቅደዱ። የቀዳዳውን ጠርዝ በአሸዋ ወረቀት ያሹት፤ ስለት ከቀረበት ያንኑ ለጋ ቆዳ ይቆርጠዋል። ውስጡ ሞስ (እርጥበት የሚይዝ ለስላሳ ተክል) ያስገቡ፣ የእንስሳት ዕቃ መሸጫ አለ። ከሌለ የወጥ ቤት ወረቀት ይሆናል። በለብታ ውኃ ነክረው ጨምቁት። ሲጨብጡት ጠብታ መውረድ የለበትም። ክዳኑን ከድነው ከሳጥኑ ሞቅ ባለው በኩል ያስቀምጡት። በየቀኑ ይዩት፤ ከደረቀ ያርጥቡት፣ ከሸተተ ይቀይሩት። ሽሮ ራሱ ይገባበታል። አያስገድዱት።

ከዚያ የእርጥበት መለኪያ ይግዙ። ውድ አይደለም። ዲጂታሉን ይምረጡ፤ መርፌ ያለው ክቡ ብዙ ጊዜ ይዋሻል። ለቦል ፓይተን ከ55 እስከ 65 በመቶ ይሁንለት፤ ቆዳ ሲቀይር 70 ቢደርስ ጥሩ ነው። የሙቀቱን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ልጨርስ፦ ሞቃቱ ጫፍ 31 ወይም 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቀዝቃዛው ከ24 እስከ 27፣ ማሞቂያው ደግሞ ያለ ቴርሞስታት (ሙቀቱን የሚቆጣጠር መሣሪያ) አይሰካ።

የሽሮ ሳጥን ክዳኑ ወንፊት ሽቦ ከሆነ እርጥበቱ ሁሉ በዚያ ይሄዳል። ከአራት ሦስት እጁን በአሉሚኒየም ፎይል ይሸፍኑት። መብራቱ ያለበትን ክፍት ይተዉ፤ ጨርቅ ደግሞ መብራት አጠገብ በፍጹም እንዳያስቀምጡ፣ እሳት ነው። ጉዝጓዙ የኮኮናት ልጣጭ ቢሆን እርጥበት ይይዛል። ጋዜጣ ወይም ደረቅ የእንጨት ፍቅፋቂ ከሆነ አየሩን ያደርቅብዎታል። ሰፋ ያለ የውኃ ሳህን ይኑርለት። ግን ደግሞ ሰው «እርጥበት» ስትለው ጎርፍ ይለቃል። ጉዝጓዙ ጭቃ ሆኖ ከሰነበተ የሆዱ ቅርፊቶች ይቀላሉ፣ ውኃ ይቋጥራሉ፣ ይበሰብሳሉ። አየሩ ይርጠብ እንጂ ሆዱ ደረቅ ላይ ይተኛ።

አሁን ካቡን ልጠይቅዎት። ሳጥኑ ውስጥ ሻካራ ነገር አለ? ብዙ ሰው የሚያምር ለስላሳ ፕላስቲክ ዋሻ ገዝቶ ያስቀምጣል። አፉን የት ይሸው? አንድ ቅርፊቱ ያለበት ግንድ፣ ወይም ጠርዙ የማይቆርጥ ሻካራ ድንጋይ ያስገቡለት። ከደጅ ካመጡ በፈላ ውኃ አጥበው ያድርቁት። ድንጋዩ እንዳይንከባለልበት መሬቱ ላይ በደንብ ይቀመጥ።

ሽሮ ውኃ ሳህኑ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሲውል ካዩ ወዲያው ቆዳው ነው አይበሉ። ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። ቆዳው ሊሆን ይችላል። ሳጥኑ በጣም ሞቆበት ሊሆን ይችላል። ወይም ቅንቅን ይዞት ይሆናል። ውኃው ላይ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ጥቁር ነገር ተንሳፍፎ ካዩ፣ ወይም ነጭ ሶፍት ገላው ላይ ሲያሳልፉ ጥቁር ነጥብ ከተንቀሳቀሰ፣ ቅንቅን ነው። ቅንቅን ደም ይመጥጣል፣ የቆዳ መቀየሩንም ያበላሻል። ያኔ ሐኪም ያናግሩ፤ የውሻ ቁንጫ መድኃኒት እንዳይነኩ።

እሺ፣ ሳምንት አለፈ፣ ቆዳው አልወረደም እንበል። ወይም ወረደ፣ ግን እዚህም እዚያም ቁራጭ ቀረበት። ያኔ ነው እጅዎን የሚያስገቡት፤ በቀስታ። መጀመሪያ ያንን እርጥብ ኩይሳ አንድ ሙሉ ቀን ይስጡት። ካልሆነ ክዳኑ የተበሳሳ ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ ያድርጉ፤ ወደ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ለእጅዎ ሞቀ ቀዘቀዘ የማይሉት። ጥልቀቱ ከእባቡ ውፍረት አይበልጥ፤ ራሱን ቀና አድርጎ መተንፈስ አለበት። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆይ። አጠገቡ ይሁኑ፣ ስልክ ለማንሳት እንኳን አይሂዱ። ከዚያ እርጥብ ፎጣ በሁለት እጅዎ ላላ አድርገው ይያዙና ሽሮ በመሐሉ ይሳብ። እሱ ይሂድ፣ እርስዎ አይጎትቱ። ፎጣው ካብ ሆነለት ማለት ነው። ያልመጣ ቁራጭ ካለ ይተዉት፣ ነገ ይድገሙት። ደረቅ ቆዳ በፍጹም አይላጥም።

ዘይት ለምን አይሆንም ላሉት፦ ቆዳው የሚፈልገው ውኃ ነው። ዘይት ላዩን ይሸፍንና ውኃው እንዳይገባ ያደርጋል። ጉዝጓዙና ቆሻሻው ሁሉ ይለጠፍበታል። ቫዝሊንም ያው ነው። ቅቤም፣ ይቅርታ፣ አንድ ሰው ጠይቆኝ ስለነበር ነው።

ሁለት ቦታ ግን እርስዎም እኔም ማስተዋል አለብን። አንዱ ጅራቱ ነው። የአሮጌ ቆዳ ቀለበት ጅራቱ ጫፍ ላይ ቀርቶ ሲደርቅ ይጠብቃል። ጣትዎን በክር አስረው ቢተዉት ምን ይሆናል? ደም አይደርስም፣ ጫፉ ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ይወድቃል። ቀለበቱ ከተደራረበ በየጊዜው እየባሰ ይሄዳል። ስለዚህ ጅራቱን ሁልጊዜ ይዩ።

ሌላው ዓይኑ ነው። እዚህ ላይ ራሴን ልክሰስ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት እባብ አመጡልኝ፣ የበቆሎ እባብ የሚሏት ቀይ ቆንጆ። ግራ ዓይኗ ደብዝዟል። የአሮጌው ቆዳ መስታወት ቀርቶባታል አልኩ። አጉሊ መነጽር ሳላደርግ፣ ቸኩዬ፣ በቀጭን ወረንጦ ጠርዟን ይዤ አነሳሁ። መጣች። ደስ አለኝ። ከዚያ አየሁ፤ ያነሳኋት አሮጌዋን አልነበረም። አሮጌዋ ቀድሞ ወርዳለች። እኔ የነቀልኩት የራሷን፣ ደህናዋን ነው። ያ መስታወት ከተነሳ ዓይኑ ባዶውን ይቀራል፣ ይደርቃል፣ ያመረቅዛል። አንድ ወር ታገልን፤ ዓይኗ ጠፋ። ባለቤቷ ወጣት ልጅ ነበር፣ አንድም ቃል አልተናገረኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ለዚህ ነው ስለ ዓይን የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ ወረንጦህን አስቀምጥ፣ ፕላስተርህን አስቀምጥ የምለው። ዓይኑ ከቆዳው በኋላ ደብዝዞ ከቀረ፣ ወይም ጠርዙ ላይ የተሸበሸበ ነገር ካለ፣ እርጥበቱን ያሻሽሉና ቀጣዩን የቆዳ ለውጥ ይጠብቁ። አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ ጋር አብሮ ይወጣል። ሁለት ጊዜ ቆዳ ቀይሮ ካልወጣ ሐኪም ይየው። ዓይኑ ጎድጎድ ያለ ከሆነ ደግሞ ቀሪ ቆዳ ላይሆን ይችላል፤ ውኃ የጠማው እባብ ዓይኑ እንዲያ ይሆናል።

ወደ ሐኪም ሳይውሉ ሳያድሩ የሚሄዱባቸው ነገሮችም አሉ። አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ፣ ከአፍንጫው አረፋ ካወጣ፣ ሲተነፍስ ከተንፏጨ፣ ያ ቆዳ አይደለም፣ ሳንባ ነው። ሆዱ ላይ ውኃ የቋጠረ ወይም የቀላ ቦታ ካለ። ጅራቱ ከጠቆረ። ክብደቱ ከአሥር አንድ እጁን ከቀነሰ፤ የወጥ ቤት ሚዛን በቂ ነው፣ ለእሱ ብቻ የሚሆን ሳህን ይመድቡና በወር አንዴ ይመዝኑት። እርጥበቱን አስተካክለው ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ቁርጥራጭ ከጣለም ከሥሩ ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል። ቀጠሮ ሲይዙ ግን መጀመሪያ «እባብ ታያላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ የውሻና የድመት ሐኪም አያይም፤ ባዶውን መንገድ ይሆንብዎታል።

ለልጅዎ የቤት ሥራ ልስጠው። ደብተር ይያዝ። ሆዱ የቀላበትን ቀን፣ ዓይኑ የደፈረሰበትን፣ የጠራበትን፣ ቆዳው የወረደበትን ይጻፍ። የዓመት ልጅ የሆነ እባብ በአራት፣ በአምስት፣ በስድስት ሳምንት አንዴ ይቀይራል፤ ሲያድግ እየተራራቀ ይሄዳል። ሦስት አራት ጊዜ ከጻፈ የሚቀጥለውን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ደብተሩ ደግሞ ትልቅ ይሁን። ቦል ፓይተን በቤት ውስጥ 20 ዓመት፣ 30 ዓመትም ይኖራል። በ2020 እ.ኤ.አ. በሴንት ሉዊስ መካነ እንስሳት ዕድሜዋ 62 ይሆናል የተባለች ቦል ፓይተን እንቁላል ጥላለች። ልጅዎ ኮሌጅ ሲሄድ ሽሮ የማን እንደሚሆን ከአባቱ ጋር ከአሁኑ ይነጋገሩ። ለአያቱ ስልክ ሲደውል ደግሞ ፓይተንን ዘንዶ ብሎ እንዳይተረጉምላቸው።

ቆዳው ሲወርድ ቶሎ አንሱት፤ ገና እርጥብ እያለ ፎጣ ላይ ቀስ ብሎ ይዘረጋል። ከደረቀ እንደ ቂጣ ይሰባበራል። ጭንቅላቱን ወደ መብራት አቅንተው ይዩ። ሁለት ክብ መስታወት፣ እንደ ትንሽ የሳሙና አረፋ፣ ግራና ቀኝ መታየት አለባቸው። ካሉ ዓይኑ ነጻ ነው። በቦታቸው ቀዳዳ ካለ መስታወቱ እሱ ላይ ቀርቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወደ ጅራቱ ይሂዱ፤ ሹሉ ጫፍ ሳይቀር መኖር አለበት። የላይኛው ከንፈሩ ላይ ሙቀት የሚለይባቸው ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ፤ እነሱም ውስጥ ቁራጭ እንዳልቀረ ሽሮ ሲረጋጋ ይዩት። ልጅዎ በሜትር ለክቶ «በአንድ ቀን ይህን ያህል አደገ!» ቢልዎ አይደንግጡ። በቅርፊቶቹ መካከል ታጥፎ የነበረው ቆዳ ሲወልቅ ስለሚዘረጋ፣ ሁልጊዜ ከእባቡ ይረዝማል።

ትምህርት ቤት ወስዶ ሊያሳይ መፈለጉ አይቀርም። ይውሰድ። ዚፕ ያለው የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያሽጉለት፣ ልጆቹም ከረጢቱን ሳይከፍቱ ይዩ። እባብ ጤነኛ ሆኖም ሳልሞኔላ ሊይዝ ይችላል፤ ቆዳውም ላይ ይኖራል። ሽሮን፣ ሳህኑን ወይም ቆዳውን የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ እባቡንም ቆዳውንም አይንካ። ያንን ለብታ ውኃም እንጀራ በሚጋገርበት ኩሽና ሳይሆን መታጠቢያ ቤት ይድፉት፤ ገንዳውን ከዚያ በኋላ በበረኪና ያጥቡት።